የምንጊዜም ታላቁ ጊታር ተጫዋች ማን ነው? ከጅማው የእሁድ ክርክራችን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እሁድ ከሰዓት በኋላ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ በአንድ ግቢ ውስጥ ተሰብስበን ጊታር እናዳምጣለን። ቡና ይፈላል፣ በርጩማው ይደረደራል፣ አንዱ ከስልኩ ወይም ከአሮጌ ካሴት የመረጠውን ያሰማል፤ ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ክርክር ነው። እኔ በዚህ ከተማ ጊታር ሳስተምር ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ተማሪዎቼ፣ ወላጆቻቸውና ድምፁን ሰምተው ጎራ የሚሉ ጎረቤቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከነመልሱ እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ እንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ አለው?

አለው። «ሙዚቃ እንደየሰዉ ነው፤ ማን ከማን ይበልጣል ማለት አይቻልም» የሚሉ ሰዎች ትሑት ይመስላሉ፤ ብዙውን ጊዜ ግን ጠጋ ብሎ ከማዳመጥ ለመዳን ሲሉ የሚናገሩት ነው። ጅማ ያደገ ሰው ደግሞ ይህን አባባል ከሁሉም ቀድሞ ሊጠራጠረው ይገባል። ቡና ሲቀመስ ሲኒዎቹ ስም የላቸውም፤ ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው። ቀማሹ ያሸታል፣ በማንኪያ ይምጋል፣ መዓዛውን፣ አሲዱን፣ ምላስ ላይ የሚተወውን ክብደት ለየብቻ ይመዝናል። ሁለት ቀማሾች በአንድ ሲኒ ሊለያዩ ይችላሉ፤ በምን እንደተለያዩ ግን ያውቃሉ።

በጊታር ክርክር የጎደለው ይህ ነው። አንዱ ስለ ፍጥነት ይናገራል፣ ሌላው ስለ ስሜት፣ ሦስተኛው ስለ ዝና፤ ሦስቱም ስለ አንድ ነገር የሚከራከሩ ይመስላቸዋል። እዚያው ላይ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ቡናው ይቀዘቅዛል።

ታዲያ የእናንተ መለኪያ ምንድን ነው?

እኔ የማቀርበው አንድ ጥያቄ ነው፤ ከዚህ ሰው በፊት ጊታር ምን ነበር? ከእርሱ በኋላስ ምን ሆነ? በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሲሰፋ ሰውየውም ይተልቃል።

ምሳሌ ልስጥ። ስፔናዊው አንድሬስ ሴጎቪያ በ1893 ሲወለድ ጊታር የመሸታ ቤትና የሳሎን መሣሪያ ነበር። በ1987 ሲሞት ከፒያኖና ከቫዮሊን እኩል በታላላቅ የኮንሰርት አዳራሾች ለብቻው ተቀምጦ ይደመጥ ነበር። ሴጎቪያ ይህን ሁሉ ብቻውን ሠራ አልልም፤ ከእርሱ በፊት አንቶኒዮ ደ ቶሬስ የተባለው ሠሪ የመሣሪያውን አካል አስፍቶ ድምፁን አጠንክሮት ነበር። ዓለምን ዞሮ ሰዎችን ያሳመነው ግን ሴጎቪያ ነው። ዛሬ የምንጠቀምበት የናይለን ክር እንዲለመድም ትልቅ ድርሻ አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት የአንጀት ክር በጠፋበት ጊዜ ኒው ዮርክ ይኖር ከነበረው አልበርት አውጉስቲን ጋር ሆኖ የናይለኑን ክር ለዓለም አስተዋውቋል። ክራር የሚያውቅ ሰው ይህ ታሪክ ይገባዋል፤ የእኛም ክራር ከጅማት ወደ ናይለንና ወደ ብረት ተሻግሯል።

ሌላው አሜሪካዊው ቻርሊ ክሪስቲያን ነው። ከእርሱ በፊት በጃዝ ኦርኬስትራ ውስጥ ጊታር ከነፋስ መሣሪያዎች ጀርባ ተቀምጦ ምት የሚጠብቅ ነበር። ክሪስቲያን በ1939 የቤኒ ጉድማንን ባንድ ሲቀላቀል በኤሌክትሪክ ጊታር እንደ ሳክስፎን ረጅም ሶሎ (የብቻ ዜማ) ይጫወት ጀመር። በ1942 በሳንባ ነቀርሳ ሲሞት ገና 25 ዓመቱ ነበር። ዓለም በስሙ ያወቀው ለሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ማንም ጊታርን ወደ ኋላ ወንበር ሊመልሰው አልቻለም።

እሺ፣ ማን ነው? በአንድ ስም ይመልሱልን።

ጂሚ ሄንድሪክስ።

የተለመደ መልስ መሆኑን አውቃለሁ፤ መልሱ የተለመደ መሆኑ ስሕተት አያደርገውም። ሄንድሪክስ በ1942 ሲያትል ተወለደ፣ በ1970 ለንደን ውስጥ በ27 ዓመቱ ሞተ። ዓለም በስሙ ያወቀው ከ1966 መጨረሻ ጀምሮ ለአራት ዓመት ገደማ ብቻ ነው። በሕይወት ሳለ የወጡት የስቱዲዮ አልበሞቹ ሦስት ናቸው።

መጀመሪያ እጁን እንመልከት። ግራኝ ነበር፤ ለቀኝ እጅ የተሠራ ጊታር ገልብጦ ይይዝና ክሮቹን እንደገና ለራሱ አቀማመጥ ያስራቸው ነበር። እጁ ትልቅ ስለነበር አውራ ጣቱን በጊታሩ አንገት ላይ አሳልፎ የታችኛውን ድምፅ ይጫናል። አራቱ ጣቶች በዚህ ምክንያት ነጻ ስለሚሆኑ ኮርዱንም (አንድ ላይ የሚመቱትን ድምፆች) ዜማውንም በአንድ ጊዜ ይጫወታል። ተማሪዎቼ «ሊድ (ዜማ መሪ) ነው ወይስ ሪትም (አጃቢ)?» ብለው ሲጠይቁ የእርሱን ዝግ ያለ ሥራ አሰማቸዋለሁ፤ ጥያቄው ራሱ ይጠፋል። ሁለት ሰው ሲጫወት የሰሙ ይመስላቸዋል፤ አንድ ሰው ነው።

ሁለተኛው ነገር ለእኔ ዋናው ነው። ኤሌክትሪክ ጊታር ከአምፕሊፋየር ፊት ሲቆም ድምፁ ወደ መሣሪያው ይመለስና ይጮኻል፤ ፊድባክ ይባላል። ይህን ጩኸት ለሙዚቃ የተጠቀመ የመጀመሪያው ሰው ሄንድሪክስ አይደለም፤ ከእርሱ በፊት እንግሊዝ ውስጥ የሞከሩት ነበሩ፣ ክርክር ላይ ይህን የሚያነሣብኝ ሰውም ትክክል ነው። ሌሎቹ ጩኸቱን እንደ ማስደንገጫ ተጠቀሙበት፤ እርሱ ግን እንደ ዋሽንት ነፋው። የሚፈልገውን ድምፅ ከየትኛው ርቀትና በየትኛው አቅጣጫ ቆሞ እንደሚያገኘው ያውቅ ነበር፤ ያገኘውንም ይይዘዋል፣ ያጎብጠዋል፣ በረጅሙ ያዘምረዋል።

ይህን ለመረዳት ነሐሴ 1969 የዉድስቶክን መድረክ መስማት ይበቃል። በዓሉ እሁድ ማታ ሊያበቃ ታስቦ ስለዘገየ ሄንድሪክስ የወጣው ሰኞ ጠዋት ነው፤ አብዛኛው ሕዝብ ሄዶ ነበር። የአገሩን ብሔራዊ መዝሙር ያለ ቃል በጊታር ብቻ ተጫወተ። የቬትናም ጦርነት እየተካሄደ ነበር። መዝሙሩ ስለ ሮኬትና ስለ ቦምብ የሚናገርበት ቦታ ላይ ሲደርስ ጊታሩ ራሱ የሚወርድ ቦምብና የሚያለቅስ ሰው ሆነ፤ ከዚያም ያለ አንዳች መሸማቀቅ ወደ ዜማው ተመለሰ። ግቢያችን ውስጥ ይህን ስናሰማ ከታሪኩ ምንም የማያውቁ አንዲት እናት «ይህ ሰው የሚያለቅሰው ለማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሄንድሪክስ ከሰማሁት ትችት ሁሉ ከዚህ ጥያቄ የሚበልጥ አላገኘሁም።

ከእርሱ በፊት ኤሌክትሪክ ጊታር ድምፁ የጎላ ጊታር ነበር። ከእርሱ በኋላ ሌላ መሣሪያ ሆነ።

ፈጣኑ አይደለም እንዴ የሚበልጠው?

አይደለም። የአሜሪካው ብሉዝ ተጫዋች ቢቢ ኪንግ ለዚህ በቂ ምስክር ነው። ይህ ሰው እየዘፈነ ጊታር አይመታም ነበር፤ አንድ ስንኝ ይዘፍናል፣ ዝም ይላል፣ ጊታሩ ይመልስለታል። የሚመታቸው ድምፆች ጥቂት ናቸው፤ የግራ እጁ መንቀጥቀጥ ግን እንደ ሰው ፊት የሚታወቅ ነው። አንድ ድምፅ ሲመታ «እርሱ ነው» ትላላችሁ። ከመቶ ፈጣኖች መካከል ስንቱን በአንድ ድምፅ ታውቁታላችሁ?

ፍጥነትን የምንቅ ግን እንዳይመስላችሁ። የፍላሜንኮው ፓኮ ደ ሉሲያ ከ1947 እስከ 2014 በኖረበት ዘመን ፍጥነቱን የሚወዳደር ብዙ አልነበረም፤ ፍጥነቱ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ድምፅ እንደ ተለቀመ ቡና ንጹሕ ሆኖ ይሰማል። ኤዲ ቫን ሄለን በ1978 የመጀመሪያውን አልበም ሲያወጣ በሁለት እጁ የጊታሩን አንገት እየነካካ ያወጣው ድምፅ የዓለምን ወጣቶች በሙሉ ከክፍላቸው አስቀርቷቸዋል። ያንንም ዘዴ የፈጠረው እርሱ አይደለም፤ ቋንቋ ያደረገው ግን እርሱ ነው። እነዚህ ሁለቱ የተከበሩት በፍጥነት ስለሚሉት ነገር ነው። የሚናገረው የሌለው ፈጣን እጅ ቶሎ ይሰለቻል።

ልጄ ሁለት ጣቶቹ ተጎድተዋል። ጊታር መማር ይችላል? «ታላቅ» የሚለው ነገር ለእርሱ የለም ማለት ነው?

ይህን ጥያቄ አንዲት እናት ጠየቁኝ፤ ከዚያ በኋላም በተለያየ መልኩ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። መልሴ ሁልጊዜ የሚጀምረው በጃንጎ ራይንሃርት ነው።

ጃንጎ በ1910 ቤልጅየም ውስጥ በሚዘዋወሩ የሮማ ሕዝቦች መካከል ተወለደ። በ1928 የሚኖርበት የሠረገላ ቤት ተቃጠለ፤ ግራ እጁም በጽኑ ተጎዳ። የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ ተኮማትረው ቀሩ፤ እነዚህ ጣቶች ደግሞ ክር የሚጫኑት ናቸው። ከዚያ በኋላ ሶሎ የሚጫወተው በሁለት ጣት ብቻ ሆነ፤ የተጎዱት ጣቶች ኮርድ ሲይዝ ብቻ ይደግፉት ነበር። ይህ ሰው በ1934 ፓሪስ ውስጥ ከቫዮሊን ተጫዋቹ ስቴፋን ግራፔሊ ጋር ከበሮና ጥሩምባ የሌለበት፣ በክር መሣሪያ ብቻ የቆመ ባንድ መሠረተ። አውሮፓ ከአሜሪካ ሳይቀዳ የራሱን የጃዝ ድምፅ ያገኘው በዚህ ባንድ ነው።

ሁለት ጣት ስላለው እጁ በጊታሩ አንገት ላይ ወደ ጎን መሮጥ ነበረበት፤ አራት ጣት ያለው ሰው አንድ ቦታ ተቀምጦ የሚያገኘውን እርሱ ሄዶ ያመጣዋል። የዜማው ሩጫና ዝላይ የተወለደው ከዚያ ነው። ዛሬ ሙሉ እጅ ያላቸው ሰዎች የእርሱን ዜማ በትክክል ለማውጣት ሁለት ጣት ብቻ ተጠቅመው ይለማመዳሉ። መለኪያዬ የእጅ ተአምር ቢሆን ኖሮ ያለ አንዳች ማመንታት ከሄንድሪክስ አስቀድመው ነበር፤ እስከ አሁንም አንዳንድ እሁድ ይህን ቅደም ተከተል እጠራጠራለሁ።

የእንግሊዙ ብላክ ሳባዝ ባንድ ጊታር ተጫዋች ቶኒ አዮሚም አለ። በ17 ዓመቱ በቆርቆሮ ፋብሪካ ሲሠራ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ማሽን ቆረጠው፤ እርሱም ግራኝ በመሆኑ የተቆረጡት ክር የሚጫንባቸው ናቸው። ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራላቸው፣ ቀጫጭን ክር አሰረ፣ በኋላም ክሩን አላላው። ከዚያ የወጣው ወፍራምና ጨለም ያለ ድምፅ ሄቪ ሜታል የሚባለው ሙዚቃ መሠረት ሆነ።

የእናትየው ልጅ ይማራል። ሁለት ኮርድ ይዟል፤ ሦስተኛውን በራሱ መንገድ እየፈለገ ነው፤ እኔም ተሸቀዳድሜ አላሳየውም።

መጽሔቶች የሚያወጡት ዝርዝር አይበቃም?

ለመጀመር ይጠቅማል፣ ለመጨረስ አይጠቅምም። ሮሊንግ ስቶን የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በ2003፣ በ2011 እና በ2023 ባወጣቸው ዝርዝሮች ሁሉ ሄንድሪክስን አንደኛ አድርጓል። ከአንደኛው በታች ያለውን ግን ተመልከቱ። ሮበርት ጆንሰን የተባለው የሚሲሲፒ ብሉዝ ተጫዋች በ2003 አምስተኛ ነበር፤ በ2011 ወደ 71ኛ ወረደ። ጆንሰን የሞተው በ1938 ነው። በ1936 እና በ1937 ቴክሳስ ውስጥ የቀረጻቸው 29 ዘፈኖች አንዲት ድምፅ አልተጨመረባቸውም፣ አልተቀነሰባቸውም። የተለወጠው የፈራጆቹ ወንበር ነው።

ዝርዝሮቹ የሚያዳሉት ወደ ሮክና ወደ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም መሆኑም ግልጽ ነው። ተማሪዎቼ ዝርዝሩን ይዘው ሲመጡ «ከላይ ወደ ታች አታንብቡ፤ የማታውቁትን ስም ፈልጉና እርሱን አዳምጡ» እላቸዋለሁ።

ከኢትዮጵያ ማን ከእነዚህ ጎን ሊቆም ይችላል?

ሰላም ስዩም። ብዙ ሰው ሰላሚኖ ይለዋል። ስሙን ከማያውቁት መካከል እንኳ ጣቱን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም፤ በአይቤክስ፣ ከዚያም በሮሃ ባንድ ሊድ ጊታሩን የያዘው እርሱ ነው። ማሕሙድ አሕመድ በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራው «ኤሬ መላ መላ» በ1986 ቤልጅየም ውስጥ እንደገና ሲታተም የአውሮፓ አድማጭ ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ መጠየቅ ጀመረ። የዚያን ሸክላ ጊታር ለብቻው ነጥላችሁ ስሙት። ከጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ጊታር ጋር እየተጠላለፈ ይሄዳል፤ ዘፋኙ ሲተነፍስ ይገባል፣ ዘፋኙ ሲመለስ ይለቅለታል። በሠርግና በአውቶቡስ ውስጥ ስንሰማው ያደግነው የጊታር አነጋገር ከዚህ ትውልድ የመጣ ነው።

ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ በመለኪያዬ ላስረዳ። ጊታር የፈረንጅ ሙዚቃ መሣሪያ ሆኖ መጣ፤ አንገቱ ላይ ያሉት የብረት መክፈያዎች ኦክታቭን (ከአንድ ድምፅ እስከ ከፍተኛ አቻው ያለውን ርቀት) በ12 እኩል ቦታ ይከፍሉታል፤ ኮርዶቹም የተሰሩት ለዚያው ሥርዓት ነው። የእኛ ቅኝቶች ባለ አምስት ድምፅ ናቸው። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ለጊታር ቀላል ናቸው፤ ትዝታ ሜጀር የሚባለውና ባቲ ማይነር የሚባለው ከዓለም ጋር የሚጋሯቸው ናቸው። እንዲያውም ባቲ ማይነር የብሉዝና የሮክ ተጫዋቾች ቀን ከሌሊት የሚጠቀሙባቸው አምስት ድምፆች ናቸው። የጅማ ልጅ የሄንድሪክስን ሶሎ ሰምቶ «ይህን የማውቀው ይመስለኛል» ሲል አልተሳሳተም፤ ጆሮው በባቲ ነው ያደገው።

አንቺ ሆዬ ግን ሌላ ነገር ነው። ከመነሻው ድምፅ በላይ፣ ኮርዶች አብዛኛውን ጊዜ የሚቆሙበት ንጹሕ አምስተኛ ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ ከመጽሐፍ የተማራችሁትን ኮርድ ስታስቀምጡበት ቅኝቱን ይሰብረዋል። አምባሰልም መነሻውን ተከትሎ የሚመጣው ግማሽ ድምፅ ስላለ ኮርዱን በጥንቃቄ ካልመረጡለት ይታመማል። በዚህ ቦታ ላይ የእኛ ጊታር ተጫዋቾች ከክራር ተማሩ። ኮርድ ከመደርደር ይልቅ ዜማውን በአንድ ክር እየነጠሉ፣ እየደጋገሙ፣ ድምፁን በጣት እየጎተቱ እንደ ዘፋኙ ጉሮሮ አደረጉት። ሰላም ስዩም ይህን ከዋ-ዋ ፔዳል (በእግር እየተረገጠ የጊታሩን ድምፅ የሚለዋውጥ መሣሪያ) እና ከኤሌክትሪክ ድምፅ ጋር ሲያጋባው ከእርሱ በፊት በዚህ አገር ያልነበረ ነገር ተወለደ። አንዳንዶች «የኢትዮጵያው ሄንድሪክስ» ይሉታል። እኔ አልወደውም፤ ሄንድሪክስ አንቺ ሆዬን ተጫውቶ አያውቅም።

ስለዚህ ነገር ስንወያይ አንድ የከተማችንን ልጅ ሳንጠቅስ አናልፍም። ሙላቱ አስታጥቄ በ1943 የተወለደው እዚሁ ጅማ ነው። ጊታር ተጫዋች አይደለም፤ ቫይብራፎን፣ የኮንጋ ከበሮና ኪቦርድ ነው የሚጫወተው። ባለ አምስቱን ድምፅ ከባለ 12ቱ ጋር ሳይሰባበሩ የሚያኖሩበትን መንገድ በጥናት የፈለገና ያገኘ ግን እርሱ ነው፤ የጊታር ተማሪ ሁሉ ሊያጠናው ይገባል።

ከአፋን ኦሮሞ ሙዚቃ ደግሞ በ2022 ያረፈውን አሊ ቢራን አስባለሁ። ድሬዳዋ ተወልዶ ከአፍራን ቀሎ ቡድን የተነሣው አሊ ዑድም ጊታርም ይጫወት ነበር፤ የዑዱ አነካክ በጊታሩ ውስጥ ይሰማል። እዚህ ጅማ አንድ ወጣት ጊታር አንሥቶ የመጀመሪያ ዜማ ሲሞክር ብዙውን ጊዜ የሚሞክረው የእርሱን ነው። በታላቅነት ክርክር ከጊታሩ ይልቅ ድምፁ እንደሚቀድም አምናለሁ፤ ይህን ስል ከግቢያችን ግማሹ ይቃወመኛል።

ከሌላው አፍሪካስ?

ሁለት ስም። የማሊው አሊ ፋርካ ቱሬ በ1956 የጊኒውን ፎዴባ ኬይታን ሲጫወት አይቶ ጊታር ያዘ። ከዚያ በፊት ባለ አንድ ክር የአገሩን መሣሪያ ይጫወት ነበር፤ ጊታሩንም በዚያው ጣት መታው። አሜሪካውያን ሲሰሙት «ይህ ብሉዝ ነው» አሉ፤ እርሱ ደግሞ ሥሩ ከእኛ ዘንድ ነው ብሎ ጸና። በ1994 ከአሜሪካዊው ጊታር ተጫዋች ከራይ ኩደር ጋር ያወጣውን አልበም ስሙ፤ በዝናብ ቀን ቢሆን ይመረጣል።

ሁለተኛው የኮንጎው ፍራንኮ ነው። በ1956 ከተመሠረተው ኦኬ ጃዝ ጋር በ1989 እስኪሞት ድረስ አፍሪካን አስጨፍሯል። በእርሱ ባንድ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊታሮች እንደ ሐረግ ይጠላለፋሉ፤ አንዳቸውም ብቻቸውን ከባድ ነገር አይጫወቱም፣ አንድ ላይ ግን ማቆም አይቻልም።

ሁሉም ወንዶች ናቸው። ሴቶች የሉም?

አሉ፤ ተደብቀው ቆይተዋል። ሲስተር ሮዜታ ታርፕ በ1915 ተወለደች፤ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር በኤሌክትሪክ ጊታር እየተጫወተች የሮክ ኤንድ ሮል አባቶች የሚባሉት ገና ልጆች ሳሉ እነርሱ በኋላ የሚጫወቱትን ትጫወት ነበር። በ1964 ማንቸስተር ውስጥ በተዘጋ የባቡር ጣቢያ ላይ ዝናብ እየወረደ፣ ካፖርቷን ለብሳ፣ ጊታሯን አንግታ ያቀረበችው በቴሌቪዥን ተቀርጾ አለ። ከሴት ተማሪዎቼ ጋር ሁልጊዜ የምጀምረው በእርሷ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ጊታር የሚጫወቱት ደግሞ ወዲያውኑ ይረዷታል። የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ስሟን ያስገባው በ2018 ነው፤ ከሞተች 45 ዓመት በኋላ። ይህ ያናድደኛል።

ኤሊዛቤት ኮተን ሌላዋ ናት። ግራኝ ነበረች፤ እንደ ሄንድሪክስ ክሩን አልቀያየረችም፤ ጊታሩን ገልብጣ እንዳለ ያዘችው። ስለዚህ ቤዙን በጣቶቿ፣ ዜማውን በአውራ ጣቷ ትመታለች፤ ከሌላው ሰው ሁሉ ተቃራኒ። የመጀመሪያ አልበሟ ሲወጣ ከ60 ዓመት በላይ ሆኗት ነበር። ካናዳዊቷ ዘፋኝ ጆኒ ሚቼል ደግሞ በልጅነቷ ፖሊዮ ግራ እጇን ስላዳከመው ጊታሩን ለእጇ እንዲመች አድርጋ እየቃኘች በርካታ አዳዲስ ቅኝቶችን ፈጠረች። ቅኝት መለወጥ ለእኛ አገር አድማጭ እንግዳ አይደለም፤ ክራር ተጫዋች ከዘፈን ወደ ዘፈን ሲሻገር የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ክራር ተጫዋች በጊታር ውድድር ይቆጠራል?

አይቆጠርም፤ መሣሪያው ሌላ ነው። ክራር አንገት የለውም፣ እያንዳንዱ ክር የራሱን ድምፅ ብቻ ነው የሚሰጠው። ሆኖም አስናቀች ወርቁ ክራሯን ስትደረድር የሰማ ሰው ቢቢ ኪንግን ቶሎ ይረዳዋል፤ ድምፅ ይዘፍናል፣ ክር ይመልሳል። ለጀማሪ ተማሪ ሁለቱን አከታትዬ ነው የማሰማው።

ታላቅ ለመሆን ውድ ጊታር ያስፈልጋል?

ብሪያን ሜይ የሚጫወትበትን ጊታር ከአባቱ ጋር ቤት ውስጥ ነው የሠራው፤ በ1963 ጀምረው ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀባቸው። አንገቱ የተጠረበው ከአሮጌ የእሳት ማንደጃ መደርደሪያ እንጨት ነው። በዚያው ጊታር ከክዊን ባንድ ጋር የዓለምን ስታዲየሞች ሞላ። ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ ጠርበው የሚያወጡ የጅማ ባለሙያዎች ይህን ስነግራቸው «የምን እንጨት ነበር?» ነው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው። ማሆጋኒ ነው እላቸዋለሁ። ከእነርሱ አንዱ አሁን ለቦክስ ጊታር አንገት የሚሆን እንጨት እያደረቀ ነው።

እግረ መንገዴን ስለ ጅማ ክረምት ልናገር፤ በየዓመቱ ይጠየቃልና። እርጥበቱ ለጊታር ክፉ ነው። እኔ ራሴ አንድ ሐምሌ ጥሩ ቦክስ ጊታር እርጥብ ግድግዳ አስደግፌ ትቼ ወደ አዲስ አበባ ሄድኩ፤ ስመለስ ክሩ የሚታሰርበት ድልድይ ከገላው ተላቆ ነበር። ከግድግዳና ከሲሚንቶ ወለል አርቁት፣ በሳጥኑ ውስጥ አስቀምጡት፣ ተጫውታችሁ ስትጨርሱ ክሩን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። የብረት ክር ካልተጠረገ በሳምንታት ውስጥ ይዝጋል፤ የዛገ ክር ደግሞ ቅኝት አይዝም።

ክርክሩ ወደ ጠብ ቢሄድስ?

አንድ ጊዜ ሄዷል። ሁለት የልብ ወዳጆች በእንግሊዛዊው ጊታር ተጫዋች በኤሪክ ክላፕተንና በሄንድሪክስ ምክንያት ለወራት ተኮራርፈዋል። ያስታረቃቸው በኦክቶበር 1966 የሆነው ነገር ነው። ሄንድሪክስ ለንደን በገባ በሳምንቱ ክላፕተን በሚጫወትበት የክሪም ባንድ መድረክ ላይ ወጥቶ እንዲጫወት ተፈቀደለት። በዚያን ጊዜ የለንደን ግድግዳ ላይ «ክላፕተን አምላክ ነው» ተብሎ ይጻፍ ነበር። ክላፕተን የሰማው አስደነገጠው፤ ግን አልተቀየመም፤ ሁለቱ ወዳጆች ሆኑ። የእኛዎቹም ይህን ሲሰሙ ተያዩና አንዱ ለሌላው ቡና ቀዳ።

ማዳመጡ እንዴት ነው የሚካሄደው?

እንደ ቡና ቅምሻው፤ ስም አይጠራም። እያንዳንዱ ቅጂ ቁጥር ይሰጠዋል፣ አምስት ደቂቃ ያህል ይሰማል፣ እያንዳንዱ ሰው በወረቀት ይጽፋል። የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ይህን ሰው ደግመህ ብትሰማው ታውቀዋለህ? ከዚህ በፊት ያልሰማኸውን ነገር አሰማህ? ደግመህ መስማት ትፈልጋለህ? ስሙ የሚገለጠው ወረቀቱ ከተሰበሰበ በኋላ ነው። በዚህ መንገድ ብዙ ዝነኞች ሲወድቁ አይተናል፤ ጃንጎ ግን አንድም ጊዜ አልወደቀም።

ጋሼ፣ አጎቴ ሊሙ ውስጥ ጊታር ይጫወታል፤ ማንም አያውቀውም። እርሱን ማቅረብ እችላለሁ?

ትችላለህ። በስልክህ ቅረጸው፤ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጠው፣ ንዝረቱን ይቀዳል፤ የታጠፈ ጋቢ ላይ አድርገው። ከአምስት ደቂቃ አይብለጥ። እሁድ ስትመጣ ስሙን ለማንም አትንገር፣ ለእኔም ቢሆን። ቁጥር እንሰጠዋለን፤ ከሄንድሪክስ ቀጥሎ ይሰማል።